ጋሽ ዴሌና የብረቱ ጌታ

የጋሽ ዴሌ ልጅ ፉንሚ ኮል ያደረገችኝ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ጫማዬን ስቀይር ነው። "አንቲ፣ ዳዲ አረፈ" አለችኝ በእንግሊዝኛ። አንዱን ጫማ እንደያዝኩ ቀረሁ። ልቡ መድከሙን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሐኪሞቹም አልደበቁም። ቢሆንም ሞት አስቀድሞ ስለተነገረ አይቀልም።

"ፕሮግራሙ ቅዳሜ እኛ ቸርች ነው" አለች ቆይታ። "አንቺ ታውቂዋለሽ። እሱ በሚፈልገው መንገድ አይደለም የምቀብረው። ግን ሌላ መንገድ አላውቅም።"

"እሱም ይህን ያውቃል" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ጫማዬን አጠለቅኩና ወደ ቤቴ ነዳሁ። ያን ቀን በጣም ደክሞኝ ስለነበር ማልቀስ የጀመርኩት ቤት ገብቼ እራት ከበላሁ በኋላ ነው።

ሙሉ ስሙ ኦጉንዴሌ ነው። ናይጄሪያዊ፣ የዮሩባ ሰው ነበር። ከሬይኖልድስበርግ ከተማ ወዲያ ባለው ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ እሱ ጭነት የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር፣ እኔ ካርቶን እጠቀልላለሁ። እዚያ የምንሠራ ሐበሾች ሽበቱን አይተን "ጋሽ ዴሌ" አልነው። ጋሽ ማለት ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "ታላቅ ወንድም፣ የሚከበር ሰው ማለት ነው" አልኩት። ጥቂት አሰበና "ታዲያ ይህን ለብራያን ማን ይንገርልኝ?" አለ። ብራያን ሱፐርቫይዘራችን ነው፤ በዕድሜ የጋሽ ዴሌ ልጅ ይሆናል። በእንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለ እኔም አንተ እያልኩት ለመድኩ፤ ስለ እሱ በአማርኛ ሳወራም እንደዚያው ቀረ።

ሁለታችንም ሊንደን ሰፈር ነበር የምንኖረው። አሮጌዋ መኪናዬ የሞተች ጊዜ ራይድ የሚሰጠኝ ሰው ስፈልግ እሱ ነው "እኔ አደርስሻለሁ" ያለኝ። ሌላ መኪና እስክገዛ ነበር ስምምነታችን። ከገዛሁም በኋላ ግን አብሬው መሄዱን አልተውኩም። ጎህ ሳይቀድ ብቻውን መንዳት የሚደክመው ሰው ሁሉ ይህን ይረዳዋል።

ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ያሳርፍና በዝግታ ያነጋግራል። ጸሎት መስሎኝ ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ጠየቅኩት።

"ማንን ነው የምታነጋግረው?"

"ኦጉንን።"

"ኦጉን ማነው?"

ክሊቭላንድ አቬኑን ጨርሰን ሃይዌይ እስክንገባ ድረስ ነገረኝ። ከሁሉ በላይ ኦሎዱማሬ የሚባል አንድ ፈጣሪ አለ። ከእሱ በታች ኦሪሻ የሚባሉ መንፈሶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ነጎድጓዱ የሻንጎ ነው። ወንዙና ጣፋጭ ውሃው የኦሹን ነው፤ እሷ ሴት ናት። መንታ መንገድ ላይ ቆሞ መልእክት የሚያደርሰው፣ ሲፈልግም መንገደኛ የሚያሳስተው ኤሹ ነው። ኦጉን ደግሞ የብረት ጌታ ነው። ማረሻው፣ ቢላው፣ ጠመንጃው፣ የሐኪሙ መቀስ፣ መኪናው ሁሉ የእሱ ነው።

"እንደ ሱፐርቫይዘር ናቸው ማለት ነው?" አልኩት።

"አይደሉም። ሱፐርቫይዘር አይሠራም። እነሱ ይሠራሉ።" ከዚያ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "እኔና አንቺ ቀኑን ሙሉ ብረት ውስጥ ነው የምንውለው። ጌታውን ሳናነጋግር እንዴት እንውላለን?"

እኔ በጌታ በኢየሱስ ያመንኩ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ አስፈርቶኝ ነበር። በማግስቱ እሱ ዳሽቦርዱን ሲነካ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በኢየሱስ ስም መጸለይ ጀመርኩ። እሱ ቀድሞ ቢጨርስም ሞተሩን አላስነሳም። ከንፈሬ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ጠበቀኝ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"እኔም ጨርሻለሁ። እንሂድ።"

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነ። ሊያሳምነኝ ሞክሮ አያውቅም፤ እኔም አልሞከርኩም። አለም ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ስንሻገር ወደ ውሃው አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። "ኦሹን ናይጄሪያ አይደለችም እንዴ?" ስለው "ውሃ ዘመድ አለው" ይለኛል። በዓመት አንዴ መኪናውን በጥንቃቄ አጥቦ መከላከያው ላይ ትንሽ ቀይ የዘንባባ ዘይት ይቀባል። አገር ቤት ቢሆን ለኦጉን ውሻ ይታረድለት ነበር ብሎ ነገረኝ። "እዚህ ውሻ ባርድ ውሻው ገነት ይገባል፣ እኔ እስር ቤት እገባለሁ" አለ፤ ሳይስቅ።

አባቱ አንጥረኛ ነበር። በእነሱ ከተማ የአንጥረኛ ቤት የተከበረ ነው። የተጣላ ሰው እዚያ ገብቶ ከተጠጋ ማንም አይነካውም። ምስክርም ሲቆም ብረት ይዞ ይምላል፤ ብረት ይዞ የዋሸን ኦጉን ያውቀዋል። ይህን ሲነግረኝ ለቸርች ጓደኞቼ ነግሬያቸው የማላውቀውን ነገር ነገርኩት። የእናቴ አያት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራል፣ ልጁን የሚያገባለት የለም። ከደጁ ማረሻ ገዝተው ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ።

"ማረሻውን የሠራላችሁን ሰው?" አለ ጋሽ ዴሌ።

"አዎ።"

"ከዚያስ በምን አርሳችሁ በላችሁ?"

ዌርሃውሱ ደርሰን መኪናውን ሲያቆም ዞሮ "የእናትሽ አያት እኛ ዘንድ ቢወለዱ ኖሮ ወንበር ይለቀቅላቸው ነበር" አለኝ። ያን ቀን ካርቶን ስጠቀልል ስለ እኚያ ሰውዬ ሳስብ ዋልኩ። ስማቸውን እንኳ አላውቀውም።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ።

የሚነዳው ፎርክሊፍት አሮጌ ነበር። አንድ ረቡዕ ወደ ቤት ስንመለስ "ፍሬኑ ደክሟል" አለኝ። ለብራያን ነግሮት ነበር። ብራያን "ቴክኒሻኑ ሰኞ ይመጣል፣ እስከዚያ ቀስ ብለህ ንዳ" ብሎታል። ጭነት በዝቶ ኦቨርታይም የምንሠራበት ሳምንት ስለነበር ማሽን ይቁም ማለት ብራያንን ማስቆጣት ነው። ጋሽ ዴሌ ከዚያ በላይ አላወራም። እኔም እንቅልፌ መጥቶ ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከላንች ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በላይነህ የሚባል የአገራችን ሰው፣ በዲቪ መጥቶ ገና ብዙ ያልቆየ፣ በእጅ የሚጎተት ጋሪ ይዞ ለእግረኛ በተሰመረው ቢጫ መስመር ውስጥ ይሄዳል። ጠረጴዛዬ ወደዚያ ስለሚያይ ፊቱ ይታየኛል። ፎርክሊፍቱ ጭነት ይዞ ከመደርደሪያዎቹ መሃል ወጣ። ጋሽ ዴሌ ጮኸ። ማሽኑ አልቆመም። የበላይነህን ቀኝ እግር ከመደርደሪያው ብረት ጋር አጣበቀው።

ከዚያ የማስታውሰው ጋሽ ዴሌ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ የበላይነህን ራስ ክንዱ ላይ አድርጎ "አይዞህ፣ አይዞህ" ሲል ነው። ከእኛ የሰማት ቃል ናት። አምቡላንሱ እስኪመጣ ሌላ አልተናገረም። ደሙ እጅጌውን አርሶት ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን ቀስ ብሎ፣ የመኪና መንዳት ተማሪ እንደሚነዳ ነዳው። ግማሽ መንገድ ላይ ሳልጠይቀው ማውራት ጀመረ። በፊት የነገረኝ የኦጉንን ታሪክ ግማሹን ነበር። መንፈሶቹ ወደ ምድር ሲወርዱ ጫካው መንገድ ከለከላቸው፤ ኦጉን በብረቱ መንጥሮ መንገድ ከፈተላቸው፤ እስከዚህ ነበር የነገረኝ።

"ቀሪው ምንድነው?" አልኩት።

"በኋላ አንድ ከተማ ውስጥ የዘንባባ ጠጅ ጠጥቶ ተቆጣ። ሰይፉን መዝዞ ፊቱ ያለውን ሁሉ ቆረጠ። ስካሩ ለቆት ሲያይ የቆረጣቸው የራሱ ሰዎች ነበሩ።"

"ከዚያስ?"

"ሊቀመጥበት የሚችል ቦታ አጣ። መሬት ገባ።"

በሳምንቱ ከዋናው ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። አደጋውን ያየነውን ሰዎች የእረፍት ክፍል ውስጥ ሰበሰበችን። ከዚያ በፊት ግን ብራያን ጋሽ ዴሌን ለብቻው ወስዶ አነጋግሮታል። ብራያን ያለውን ጋሽ ዴሌ በኋላ ነገረኝ፤ "በላይነህ ከመስመሩ ወጥቶ ስልኩን ያይ ነበር በል። ፍሬኑ ደህና ነበር በል። ሕክምናውን ኢንሹራንስ ይከፍልለታል፣ አንተም ሥራህ ላይ ትቆያለህ" ብሎታል። ያላለው ነገር፣ ጥፋቱ የበላይነህ ከሆነ በላይነህን በሳፍቲ፣ የደህንነት ደንብ ጥሷል በሚል ሰበብ፣ ፋየር እንደሚያደርጉት ነው። አንካሳ ሆኖ፣ በገዛ ጥፋቱ ተባረረ ተብሎ፣ ማን ሌላ ሥራ ይሰጠዋል?

እኔ ስጠየቅ ያየሁትን ተናገርኩ፤ መስመሩ ውስጥ ነበር አልኩ። የፍሬኑን ነገር ግን እኔም የሰማሁት ከጋሽ ዴሌ አፍ ነው፤ ከእሱና ከብራያን በቀር በቀጥታ የሚያውቅ አልነበረም። የጋሽ ዴሌ ተራ ደረሰ። ሴትየዋ ድምፅ እንዲቀዳ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"መማል እችላለሁ?" አላት።

"መማል አያስፈልግም። የሆነውን ብቻ ንገረኝ።"

"ለእኔ ያስፈልገኛል" አለ። "እኛ አገር ፍርድ ቤት ክርስቲያኑ መጽሐፍ ቅዱስ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ቁርአን ይይዛል፣ እንደ እኔ ያለው ብረት ይይዛል።" የፎርክሊፍቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ከንፈሩ ላይ አደረገው። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ብራያን ወለሉን ያያል።

"ፍሬኑ እንደማይዝ አውቅ ነበር" አለ ጋሽ ዴሌ። "ለብራያን ነገርኩት። ብራያን ንዳ አለኝ። ሰውየው መስመሩ ውስጥ ነበር። እያወቅኩ ነዳሁ።"

ሴትየዋ ፊቷ ለስለስ አለ። ልትረዳው ፈልጋለች፤ ይህ ግልጽ ነበር። "እንግዲህ ለአለቃህ አሳውቀሃል። ታዝዘህ ነው የነዳኸው። ጥፋቱ ያንተ አይደለም ማለት ነው?" አለችው።

"ቁልፉ እኔ እጅ ላይ ነበር" አላት።

ሁለቱም ተቀጡ። ብራያንን ወደ ሌላ ሕንፃ አዛወሩት። ጋሽ ዴሌን አባረሩት። አሮጌዎቹን ማሽኖች አስወጥተው አዳዲስ አመጡ። የበላይነህ ስም ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ ሲድን ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ እንደሚሰጡት ቃል ገቡለት።

ዕቃውን ይዞ ሲወጣ እኔም ፈረቃዬ አልቆ ስለነበር እንደ ልማዳችን አብረን ሄድን። ተናድጄ ነበር። በዚያ ዕድሜው ሥራ ማጣቱ ከበደኝ።

"ብራያን ነው ያዘዘኝ ብለህ ብታቆም ምን ነበረበት?" አልኩት። "ኦጉን ይገድልህ ነበር?"

"ምንም ላያደርገኝ ይችላል።"

"ታዲያ?"

"ዋሽቼ ምንም ካልሆንኩ፣ ነገ ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ከማን ጋር ነው የማወራው?"

ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። እንደዚያ የደከመ ሰው አይቼ አላውቅም። ትክክል ነገር ያደረገ ሰው ቅልል ይለዋል ሲሉ እሰማ ነበር። እሱን ምንም አልቀለለውም።

ለጥቂት ሳምንታት ከአልጋው የሚነሳ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ አንድ እሁድ ደወለና "የበላይነህን ቤት አሳይኝ" አለኝ። በላይነህ ሬይኖልድስበርግ ከሚስቱ ከሰብለ ጋር አፓርትመንት ውስጥ ነው የሚኖረው። ይዤው ስሄድ የእግሩን ጣቶች ቆርጠውበት ሶፋ ላይ ተኝቷል። ጋሽ ዴሌን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ለምን አመጣሽው?" አለኝ በአማርኛ። "እውነቱን ስለተናገረ እግሬ ይመለሳል? ይህን ጠይቂልኝ።"

ጋሽ ዴሌ እንድተረጉምለት አልጠየቀም። "የእግርህ ቴራፒ በየትኞቹ ቀኖች ነው?" አለው በእንግሊዝኛ።

ሰብለ ቤክስሊ ያሉ አንዲት አሮጊት ቤት እየሄደች የምትንከባከብ ሴት ናት። በቀን ሁለት ሰው ነው የምታነሳው፤ እዚያ አሮጊቷን፣ እዚህ ባሏን። እሷ ናት የመለሰችለት። "ማክሰኞና ሐሙስ" አለች። ባሏ በቁጣ ሲያያት "ምን ላድርግ? ፈረቃዬን ብተው እኔንም ያባርሩኛል። ይውሰድህ" አለችው።

ሰብለ የእኛ ቸርች ሰው ናት። በር ላይ ስትሸኘኝ ክንዴን ያዘችኝ። "ብረት ያመልካል የሚሉት እውነት ነው?"

"የብረቱን ጌታ ነው የሚለው።"

"ባሌን ከእሱ ጋር መኪና ውስጥ ልስደድ?"

"ከእኛ ሰዎች ውስጥ ማክሰኞና ሐሙስ የሚመቸው ካለ እሱን ጠይቂ" አልኳት። ጠይቃ ነበር መሰለኝ፤ አንገቷን ደፋች።

ያን ዊንተር በሙሉ ጋሽ ዴሌ በላይነህን ወደ ቴራፒው ወሰደው። በየሳምንቱ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ እንደሚሄዱና እንደሚመለሱ ሰብለ ነገረችኝ። በረዶ ሲጥል ጋሽ ዴሌ ቀድሞ ይመጣና ደረጃውን ይጠርጋል፣ ጨው ይበትናል። ቴራፒው እስኪያልቅ ክፍሉ ውስጥ አይገባም፤ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። ሰብለ አንድ ቀን ምሳ ቋጥራ ሰጠችው። በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃዋን አጥቦ መለሰላት። ቀስ በቀስ እሷ ስለ ጣዖት መጠየቋን ተወች። እኔም ስለ እሱ ቸርች ውስጥ ማስረዳት ሰለቸኝና ተውኩ።

በላይነህ በምርኩዝ መሄድ ጀምሮ መኪና መንዳት ሲችል ጋሽ ዴሌ ቀረ። ምግብ የማድረስ ሥራ ያዘ። ልቡ ግን እየደከመ ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ፉንሚ ወደ ቤቷ ወሰደችው። እዚያ ሄጄ ስጠይቀው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የሚያልፉትን መኪናዎች ያይ ነበር። ፉንሚ ወደ ኩሽና ስትገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጄ በየምሽቱ ትጸልይልኛለች" አለኝ። "አሜን እላታለሁ። ሲደክማት አላይም፤ እኔ ነኝ የሚደክመኝ።" ከዚያ ስለ ሥራ ጠየቀኝ፤ አዲሶቹ ማሽኖች ፍሬናቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። "ደህና ናቸው" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

የቀብሩ ዕለት፣ ቅዳሜ፣ በላይነህ ራሱ ደውሎ "አብሬሽ እሄዳለሁ" አለኝ። ሰብለ ሥራ ነበራት። ቸርቹ ሞልቶ ነበር። ከበሮውና መዝሙሩ ያማረ ነበር። ፓስተሩ ብራዘር ዴሌ ታታሪ አባት፣ ደግ ጎረቤት ነበሩ አለ። ስለ ኦጉን ያነሳ አልነበረም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ሳጥኑ ሲወጣ ፉንሚ ከኋላ እየተከተለች በኛ በኩል ስታልፍ የበላይነህን ምርኩዝ አየች። ቆመች። ማን እንደሆነ ገባት። አንዳች ልትለው አፏን ከፈተች፤ ግን ከኋላዋ የሚመጡ ሰዎች ስለነበሩ አለፈች።

ስንመለስ እኔ ነበርኩ የምነዳው። በላይነህ ምርኩዙን ጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ተቀምጧል።

"ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም" አለ።

"አንድ ቀንም?"

"አንድ ቀንም። ቢጠይቀኝ እምቢ እለው ነበር። መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እንግሊዝኛው እንዳይጠፋብኝ በልቤ እየደጋገምኩ አጠናሁት። እዚያ መኪና ውስጥ በገባሁ ቁጥር ዛሬ ይጠይቀኛል እላለሁ። እሱ በር ይከፍትልኛል፣ ያደርሰኛል፣ ይጠብቀኛል፣ ይመልሰኛል። በቃ።"

"ተናደድክበት?"

"መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን አልጠየቀኝም ብዬ መናደዴን ትቼ፣ ይጠይቀኛል ብዬ መፍራት ጀመርኩ።"

ቤቱ ደረስን። መኪናውን አቁሜ ልደግፈው ስወርድ በእጁ ተይ አለኝ። በሩን ራሱ ከፈተና ጤነኛ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ሳይነሳ እንደተቀመጠ ቆየ።

"አሁን ማንን እምቢ ልበል?" አለኝ።

ከዚያ ተነስቶ ደረጃውን አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ።